ቀላል የበረዶ ሆኪ ዱላ ለታዳጊ ተጫዋች፦ አመራረጥ፣ አቆራረጥ እና የቴፕ አጠቃለል

ለልጅ የሆኪ ዱላ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ክብደቱን ነው። ዱላውን ብድግ ያደርገዋል፣ ቀለል ካለው ይወስደዋል። ክብደትን ማየት ተገቢ ነው፤ ቀድሞ መታየት ያለበት ግን እሱ አይደለም። ከልኩ ያለፈ ረጅም ዱላ የቱንም ያህል ቢቀል ልጁ ወደ መሃሉ ወርዶ እንዲጨብጠው ያስገድደዋል፤ የተረፈው አናቱም ሆዱን እየነካ እጁን ያግደዋል። ከጉልበቱ በላይ ግትር የሆነ ዱላ ደግሞ አይተጣጠፍለትም፤ ፓኩን (በዱላው የሚመታውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) በክንዱ ብቻ ይገፋል፣ ቶሎም ይደክማል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ እጅ፣ ግትርነት፣ ርዝመት፣ ከዚያ በኋላ ክብደት።

ከመጀመራችን በፊት ስሞቹን እንለይ። ረጅሙ ክፍል ዘንግ ነው፤ በዘመኑ የኮምፖዚት (ከፋይበርና ከሙጫ የተሠራ) ዱላ ውስጡ ክፍት ነው። ፓኩን የሚነካው ጠፍጣፋ ክፍል ብሌድ ይባላል። ብሌዱ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተረከዝ፣ ተቃራኒው ዳር ጫፍ ነው። የላይኛው እጅ የሚይዘውን የዘንጉን መጨረሻ አናት እንለዋለን።

ግራ ወይስ ቀኝ

ብሌዱ ወደ አንድ ወገን ስለሚጎብጥ ዱላ የግራና የቀኝ ተብሎ ይሠራል። ታችኛው እጅ ቀኝ ከሆነ የቀኝ ዱላ፣ ግራ ከሆነ የግራ ዱላ ነው። በቀኙ የሚጽፍ ልጅ ሁሉ የቀኝ ዱላ ያስፈልገዋል ብሎ መደምደም የተለመደ ስህተት ነው። ዱላውን የሚያዞረውና የሚቆጣጠረው የላይኛው እጅ ስለሆነ፣ በቀኛቸው የሚጽፉ ብዙ ልጆች ቀኛቸውን ከላይ አድርገው በግራ ዱላ ይጫወታሉ፤ ይመቻቸዋልም።

ለመለየት ጉብጠት የሌለው ዱላ ወይም ረጅም የመጥረጊያ እንጨት መሬት ላይ ያስቀምጡና ልጁ አንስቶ ኳስ እንዲገፋበት ይጠይቁት። አያያዙን አይንገሩት። ኳሱን ወደተለያየ አቅጣጫ እያንከባለሉ ጥቂት ጊዜ ይድገሙት፤ ደጋግሞ ወደ ታች የሚያወርደው እጅ መልሱ ነው። አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ከያዘ ጠንካራ እጁ ከላይ የሚሆንበትን ይምረጡለት።

ፍሌክስ፦ ሁሉም ነገር የሚወሰንበት ቁጥር

ዘንጉ ላይ 20፣ 30፣ 40 ወይም 50 የሚል ቁጥር ታትሞ ያገኛሉ። ፍሌክስ የሚባለው ይህ ነው፤ ዘንጉን 2.54 ሴንቲሜትር ለማጉበጥ ስንት ፓውንድ ኃይል እንደሚያስፈልግ ይናገራል። አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዱላው ይገትራል።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ለማየት አንድ ምት መመልከት ይበቃል። ተጫዋቹ በታችኛው እጁ ሲጫን ዘንጉ ይጎብጣል፤ ጫናው ሲለቀቅ ተፈናጥሮ ይመለስና ፓኩን ይወረውራል። ልጁ ዘንጉን ማጉበጥ ካልቻለ መፈናጠር የሚባል ነገር የለም። ያኔ ፓኩን ለማንሳት ሲል አንጓውን ሳይሆን መላ ሰውነቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ይህ ልማድ አንዴ ከገባ በኋላ ማረም ከባድ ነው። ለዚህ ነው ፍሌክስን ከክብደት የምናስቀድመው።

በሆኪ ዓለም የታወቀው ደንብ «የፍሌክሱ ቁጥር በፓውንድ ከተለካው የተጫዋቹ ክብደት ከግማሽ አይብለጥ» የሚል ነው። በኪሎ ግራም ሲታሰብ ይበልጥ ይቀላል፦ የፍሌክሱ ቁጥር ከልጁ ኪሎ አይብለጥ። 28 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 20 ወይም 25፣ 36 ኪሎ ለሚመዝን 30 ወይም 35፣ 45 ኪሎ ለሚመዝን 40 ጥሩ መነሻ ነው። ደንቡ የሚሰጠው የላይኛውን ወሰን መሆኑን ያስታውሱ። በሁለት ቁጥሮች መካከል ከተቸገሩ ለታዳጊ ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ይውሰዱ።

ዱላውን በእጅ ሲያገኙት ደግሞ በተግባር ይፈትኑት። ልጁ ፓክ እንደሚመታ ሆኖ ይቁም፤ ብሌዱን ወለል ላይ አሳርፎ በታችኛው እጁ ይጫን። ሳይታገል ዘንጉ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ሲጎብጥ በዓይን ከታየ ልክ ነው። ተንጠልጥሎበት እንኳ ቀጥ ካለ፣ የታተመው ቁጥር ምንም ይሁን ምን፣ ለእሱ አይሆንም።

በገበያ ላይ ዱላዎች በአራት መደብ ይቀርባሉ፦ ከትንሹ ወደ ትልቁ ዩዝ፣ ጁኒየር፣ ኢንተርሚዲየት እና ሲኒየር (የአዋቂ)። ጁኒየር ከ7 እስከ 12 ዓመት ገደማ ላሉ ልጆች የሚታሰብ ሲሆን ፍሌክሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ነው፤ 20 የሆነም ይገኛል። መደቡ የዘንጉን ውፍረትም ይወስናል። የሲኒየር ዱላ ቆርጦ ለልጅ መስጠት የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ ትንሽ እጅ፣ ያውም ጓንት አጥልቆ፣ ወፍራም ዘንግ ዙሪያውን መጨበጥ አይችልም።

ቁሱ፣ ክብደቱ፣ ብሌዱ

የእንጨት ዱላ ከባድና ለልጅ ግትር ነው፤ ውሃም ይጠጣል። ዛሬ ለታዳጊ የሚመረጠው ከካርቦን ፋይበር፣ ከፋይበርግላስ ወይም ከሁለቱ ቅልቅል በሙጫ የተሠራ አንድ ወጥ ኮምፖዚት ነው። የካርቦኑ ድርሻ ሲጨምር ዱላው ይቀላል፣ ዋጋውም ይንራል። የመጨረሻው ደረጃ የአዋቂ ዱላ እንኳ ዛሬ ከ400 ግራም በታች ይመዝናል፤ የታዳጊው ከዚያም ይቀላል።

ግራሙ ብቻውን ግን ሙሉውን ነገር አይናገርም። ከእጅ የራቀ ክብደት ከቀረበው በላይ ይሰማል፤ ስለዚህ ብሌዱ ጋ ያለ 20 ግራም አናቱ ላይ ካለ 20 ግራም ይልቅ ያስቸግራል። ሁለት ዱላ ሲያወዳድሩ ልጁ እንደ ጨዋታ ይያዛቸውና ብሌዱን ከግራ ወደ ቀኝ በፍጥነት ያመላልስ። ብሌዱ የሚከብደው ዱላ ወዲያው ይታወቃል፤ ሚዛን ላይ እኩል ቢሆኑም።

በጣም ቀላል ዱላ ግድግዳው ስስ ስለሆነ በሌላ ዱላ ሲመታ ቶሎ ይሰነጠቃል። መንሸራተት ገና ለሚለማመድ ልጅ የመካከለኛ ዋጋ ኮምፖዚት ከበቂ በላይ ነው ብለን እናምናለን። ገንዘቡ ለውዱ ዱላ ከሚወጣ ልጁ ባደገ ቁጥር ልኩን የጠበቀ ዱላ ለመተካት ቢቀመጥ ይሻላል።

የብሌዱን ጉብጠት በተመለከተ፣ ለጀማሪ ለስላሳና መካከለኛ ጉብጠት ይበቃል። ፒ88 የሚባለው ዓይነት በብሌዱ ጀርባ ለመምታትና ለመቀበል ይመቻል። ፒ92፣ ሲሲኤም በሚባለው ፋብሪካ በኩል ደግሞ ፒ29፣ ፊቱ ትንሽ ስለሚከፈት ፓኩን ማንሳት ያቀላል። ጫፉ ላይ ብቻ የሚጎብጠውን ፒ28 ገና ፓክ መቆጣጠር ለሚማር ልጅ አንመክርም፤ በጀርባ በኩል ፓኩ ይሾልክበታል። ዘንጉ የሚተጣጠፍበት ቦታም ዝቅተኛ፣ መካከለኛ እየተባለ ይለያል፤ ለልጅ ወደ ብሌዱ የቀረበው ዝቅተኛው ይሻላል፣ ትንሽ ተጭኖ ቶሎ ይለቀቃልና።

ርዝመቱን መለካት

የታተመውን ርዝመት ከልጁ ቁመት ጋር አያወዳድሩ። ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚለኩት ከተረከዙ ጀምሮ ሲሆን፣ ዱላው በጫፉ ሲቆም ከዚያ ቁጥር ከፍ ይላል። ልኬቱ የሚወሰደው ከልጁ አካል ላይ ነው።

ልጁ የበረዶ ጫማውን አድርጎ፣ የስለቱን መከላከያ አጥልቆ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እያየ ይቁም። ዱላውን ከፊቱ በብሌዱ ጫፍ ያቁሙት፤ ዘንጉ ወደ ጎን አይዘንበል። የዘንጉ አናት አገጩ ላይ መድረስ አለበት። ያለ በረዶ ጫማ ከለኩ ልኩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው። ተከላካይ ሆኖ የሚጫወት ልጅ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ቢረዝምለት ለመድረስ ይረዳዋል፤ ፓክ እያንቀሳቀሰ ማለፍ የሚወድ አጥቂ በዚያው መጠን ቢያጥርለት ይመርጣል። ለእድገት ተብሎ የሚተወው ትርፍም ከ2 ወይም 3 ሴንቲሜትር አይለፍ። «ያድግበታል» ተብሎ 10 ሴንቲሜትር የተረፈው ዱላ ልጁ እስኪያድግበት ድረስ አንድ ሙሉ የጨዋታ ወቅት ያበላሽበታል።

መቁረጥ ዱላውን ያገትራል

ይህን ሳያውቁ ብዙዎች ጥሩውን ዱላ ያጠፉታል። ዘንግ ሲያጥር ግትርነቱ በርዝመቱ ልክ ሳይሆን ከዚያ በፈጠነ መጠን ይጨምራል። 130 ሴንቲሜትር የሆነና ፍሌክሱ 40 የሆነ ዱላ 2.5 ሴንቲሜትር ቢቆረጥ እንደ 42፣ 5 ሴንቲሜትር ቢቆረጥ እንደ 45፣ 10 ሴንቲሜትር ቢቆረጥ እንደ 51 ሆኖ ይሠራል። 40 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የተገዛው ዱላ በአንድ መጋዝ ለ50 ኪሎ ልጅ የሚሆን ይሆናል ማለት ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ዘንጉ ላይ በየቦታው መስመር አስምረው እዚያ ቢቆረጥ ፍሌክሱ ስንት እንደሚሆን ያትማሉ፤ ካለ እሱን ይከተሉ።

ስለዚህ ሲገዙ የሚቆረጠውን አስቀድመው ያስሉ። ከ5 ሴንቲሜትር በላይ መቁረጥ የሚጠይቅ ከሆነ ዝቅ ያለ ፍሌክስ ወይም አጭር ዱላ ይፈልጉ።

ለሥራው የሚያስፈልጉት፦ ጥርሰ ደቃቅ የብረት መጋዝ (በ2.54 ሴንቲሜትር ውስጥ 24 ወይም 32 ጥርስ ያለው፣ አዲስ ምላጭ)፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ቁጥሩ 120 እና 220 የሆነ የብርጭቆ ወረቀት፣ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጓንት፣ እርጥብ ጨርቅ እና ሞርሳ ወይም ጠረጴዛ።

1. የሚቆረጥበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። አናቱ ላይ የሚገባው ቆብ ወይም የቴፕ ጉብታ ርዝመት የሚጨምር ከሆነ እሱን ይቀንሱ። ጥርጣሬ ካለዎት 1 ሴንቲሜትር አትርፈው ይቁረጡና ልጁ በረዶ ላይ ይሞክረው፤ ደግሞ መቁረጥ ይቻላል፣ መመለስ ግን አይቻልም።

2. ምልክቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ሁለት ዙር ጠቅልለው መስመሩን በአራቱም ጎን በፕላስተሩ ላይ ያስምሩ። ፕላስተሩ ፋይበሩ እንዳይቦጨቅ ይይዘዋል።

3. ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልለው ሞርሳ ላይ ያስሩት፤ በጣም አያጥብቁ። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከውጭ ላይታይ ይችላል። ሞርሳ ከሌለ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ አጥብቆ ይያዝልዎት።

4. ከቤት ውጭ ይሥሩ። የካርቦን ብናኝ ሳንባን ያስቆጣል፣ ቆዳን ያሳክካል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፤ ከኮምፒውተርና ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ይራቁ። ልጁ በዚህ ሰዓት አጠገብዎ አይሁን።

5. መጋዙን በቀስታ፣ ሳይጫኑ ይጀምሩ። ከአንድ ጎን ገብተው እስከ ወዲያኛው አይቁረጡ። አንዱን ግድግዳ ሲያልፉ ዘንጉን ሩብ ዙር ያዙሩና ቀጣዩን ይቁረጡ። የመጨረሻው ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲቆረጥ ፋይበሩ ይላጣል፤ ማዞሩ ለዚህ ነው።

6. ፕላስተሩን ሳያነሱ ጠርዙን በ120 ከዚያም በ220 የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ አይንፉት። የለበሱትን ልብስ ሳያራግፉ ለብቻው ይጠቡት።

7. ክፍቱን አናት ይድፈኑ። ክፍት የሆነ የዘንግ አናት ወደ ሰው ፊት ወይም ሆድ ቢገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ደንቦችም ተደፍኖ እንዲገኝ ይጠይቃሉ። በልኩ የተሠራ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ውታፍ በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ያጣብቁ። ይህ ሙጫ የሚመረጠው በኋላ በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ማውጣት ስለሚቻል ነው። የሚያቃጥል የቀለም ማንሻ ማሽን ግን አይጠቀሙ፤ የዘንጉን ሙጫ ራሱን ያለሰልሰዋል።

ልጁ ሲያድግ በውታፉ ፋንታ ረዘም ያለ የእንጨት ማስረዘሚያ ማስገባት ይቻላል። ክብደት ይጨምራል፤ ነገር ግን ክብደቱ አናቱ ጋ፣ እጅ አጠገብ ስለሆነ ብዙም አይሰማም።

ብሌዱን በቴፕ መጠቅለል

የሚያስፈልገው ስፋቱ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የሆኪ የጨርቅ ቴፕ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቴፕ አያገለግልም፤ ይንሸራተታል፣ በቅዝቃዜም ይላቀቃል። አሮጌው ቴፕ ይነሳ፣ ብሌዱ ይድረቅ። እርጥብ ብሌድ ላይ የተጠቀለለ ቴፕ ውሃ አፍኖ ይይዛል፤ ይከብዳልም።

ከተረከዙ ጀምረው ወደ ጫፉ ይሂዱ። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን በግማሽ ወይም በሲሶ ይሸፍን፤ ቴፑን ወጠር አድርገው ይሳቡ። ጉብጠቱ ላይ አየር ከቀረ ውሃ ይገባበታል፤ በየዙሩ በአውራ ጣት ይጫኑት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ትንሽ አሳልፈው በመቀስ ቅርጹን ተከትለው ይቁረጡ። በመጨረሻ የሆኪ ሰም በስሱ ያሹበት። ሰሙ ውሃና በረዶ እንዳይጣበቅ ይከላከላል። በረዶ የተጋገረበት ብሌድ ለቀላል ዱላ የከፈሉትን ዋጋ ከንቱ ያደርገዋል።

ክብደት በጣም የሚያሳስብ ከሆነ ፓኩ የሚነካውን ከመሃል እስከ ጫፍ ያለውን ክፍል ብቻ ይጠቅልሉ። በአሮጌ ቴፕ ላይ አዲስ መደረብ ግን በጭራሽ፤ በጣም የሚሰማው ቦታ ላይ ግራም መከመር ነው።

ለአናቱ ትንሽ ጉብታ ይበቃል። ቴፑን 6 ወይም 7 ጊዜ በአንድ ቦታ ያዙሩና ከሥሩ 12 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች ይጠቅልሉ። ጉብታው እጅ እንዳይሾልክና የወደቀ ዱላ በቀላሉ እንዲነሳ ይረዳል። ሲተልቅ ግን የልጁ እጅ ዱላውን ማዞር ያቅተዋል። እዚህ ላይ የሚለጠጥ የመያዣ ቴፕ ይሻላል፤ ሻካራው የጨርቅ ቴፕ የጓንቱን መዳፍ ይበላል።

ቴፑ የሚነግርዎት

ከጥቂት ልምምድ በኋላ ብሌዱን ገልብጠው የሥሩን ቴፕ ይዩ። ዱላ ብሌዱ ከዘንጉ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚያመለክት ቁጥር አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ነው። ቴፑ መሃል ላይ ወይም እኩል ካለቀ ማዕዘኑና ርዝመቱ ተስማምተዋል። ተረከዙ ጋ ብቻ ካለቀ ጫፉ ከበረዶው ተነስቷል፤ ዱላው ረዝሟል ወይም የማዕዘን ቁጥሩ በዝቷል። ጫፉ ጋ ብቻ ካለቀ ተቃራኒው ነው። ፓክ በብሌዱ ሥር እየሾለከ የሚያስቸግረው ልጅ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን የዚህ ነው። ርዝመቱን ካስተካከሉ በኋላ ካልተለወጠ ብቻ የማዕዘን ቁጥሩን ይቀይሩ።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የላይኛው እጁ ከአናቱ ወርዶ የሚይዝ ልጅ ዱላው ረዝሞበታል። ወገቡን ከልክ በላይ የሚያጎብጥ አጥሮበታል። ሲመታ ዘንጉ የማይጎብጥ ከሆነ ግትር ሆኖበታል፤ ከመቀየርዎ በፊት ግን ፓኩን ይመልከቱ። መደበኛው ፓክ 170 ግራም ገደማ ሲሆን ለትናንሽ ልጆች የሚሠራው ሰማያዊ ፓክ 113 ግራም ነው። ለትንሽ ልጅ መደበኛውን ፓክ ሰጥቶ ዱላውን መውቀስ አይገባም።

ጥበቃና ፍተሻ

ከጨዋታ በኋላ ዱላውን ይጥረጉና በክፍል ሙቀት ይድረቅ። በፀሐይ የጋለ መኪና ውስጥ አይተዉት፣ ማሞቂያ ላይም አያስደግፉት፤ ሙቀት ብሌዱን የያዘውን ሙጫ ያላላል። አስፋልት ላይ ለመጫወት አሮጌ ዱላ ይመደብ፤ አስፋልት የብሌዱን ሥር በአጭር ጊዜ ይፍቀዋል።

በየሳምንቱ ዘንጉን ከላይ እስከ ታች በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ በተለይ ከተረከዙ በላይ ያለውን አንድ ክንድ ያህል። ቀለሙን ብቻ የነካ ጭረት ችግር የለውም። ጥፍር የሚይዝና ፋይበሩ የሚታይበት ጭረት ግን ዘንጉ የሚሰበርበት ቦታ ነው። ብሌዱን በሳንቲም ቀስ እያሉ መታ መታ ያድርጉት፤ ሙሉ በሙሉ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለበት፣ የታፈነ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ከውስጥ ተላቅቋል። ጫፉን በጣት ሲጠመዝዙት እንደ ልብ የሚታጠፍ ብሌድም አልቋል፤ ፓኩ ሲመታው ስለሚዞር ልጁ ያነጣጠረበት አይሄድለትም።

የተሰነጠቀ ዘንግ በቴፕ ጠግኖ ለልጅ መስጠት አደገኛ ነው። ሲሰበር ስለታማ ስንጣሪ ያወጣል፣ ደንቡም በተሰበረ ዱላ መጫወትን ይከለክላል። ለልጁ ይህን አስቀድመው ያስተምሩት፦ ዱላው ከተሰበረ እዚያው ጥሎት ወደ ተቀያሪ ወንበሩ ይሂድና ሌላ ይቀበል። ሁለተኛውን ዱላ በዚያው ልክ ቆርጠው፣ በዚያው መንገድ ጠቅልለው፣ ከመጀመሪያው ጋር ወደ ጨዋታው ይውሰዱት።